ስልሳ ልጆችን ከመጀመር ሃያውን ይዞ መዝለቅ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ዘወትር እከታተላለሁ። የሦስተኛ ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ነኝ። ባለፈው ዓመት ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ከኮሌጃችን ብዙም በማይርቅ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ልጆችን ማስጠናት ጀመርን። ትምህርት ቤቱ የመጻሕፍትም የመምህራንም እጥረት አለበት። በአንድ ክፍል የሚማሩት ልጆች ከመብዛታቸው የተነሣ መምህሩ የሁሉንም ስም መያዝ እንኳን ይቸግረዋል። ስንጀምር ሠላሳ በጎ ፈቃደኞች ሆነን ስልሳ ያህል ልጆች ተቀበልን። አሁን ሳናቋርጥ የምንመጣው አሥራ አንድ ብቻ ነን፤ የራሳችን ፈተና ሲደርስ ደግሞ ከዚያም እናንሳለን።

ልጆቹ ግን ይመጣሉ። አስጠኚያቸው የቀረባቸው በረንዳው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ እኛም ያገኘናቸውን ሰብስበን የቤት ሥራቸውን እናሠራቸዋለን። እኔ ከያዝኳቸው መካከል አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ አለች። ምንባብ ስሰጣት ሳትደናቀፍ ስለምታነብ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ገጹን ገና ሳልገልጥላት ማንበብ ጀመረች። ምንባቡን በቃሏ ይዛው ኖሯል። ሌላ ገጽ ስሰጣት አንገቷን ደፍታ ዝም አለች፤ ለማንም እንዳልናገርም ለመነችኝ።

ጓደኞቼ “ምንም ካለማድረግ ጥቂትም ቢሆን ማድረግ ይሻላል” ይላሉ። እኔ ግን ልጆቹን እየጎዳናቸው ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። እንቀጥል ወይስ እናቁም? የልጅቷን ነገር ለመምህሯ ልንገር? የምትጽፍበት ደብተር እንኳን የላትም፤ ልግዛላት? በሚመጣው ዓመት እመረቃለሁና መሄዴንስ መቼና እንዴት ልንገራቸው?

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

እንቅልፍ ያጣሽው በከንቱ አይደለም፤ የጠረጠርሽው ነገር እውነትነት አለው። ያም ሆኖ መልሴ ቀጥሉ ነው። የምትቀጥሉት ግን አሁን በያዛችሁት መንገድ መሆን የለበትም። የልጆቹን ቁጥር ቀንሱ፣ የምትገናኙበትን ቀን ጨምሩ፣ የቤት ሥራ ማሠራቱንም ከዋና ሥራችሁ አውጡት። ለጓደኞችሽ ይህ እንደ ማፈግፈግ ሊመስላቸው ይችላልና ምክንያቴን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ።

“ምንም ካለማድረግ ጥቂት ማድረግ ይሻላል” የሚለው ሐሳብ መጽሐፍ ለሚያሰባስብ ሰው ይሠራል። አንድ መጽሐፍ ካለመኖሩ መኖሩ ይሻላል። ከልጅ ጋር ለሚያዝ ቀጠሮ ግን አይሠራም። ያልተቀጠረ ልጅ ቅዳሜ ጠዋት ቤቱ ሲጫወት ይውላል፤ ምንም አልጎደለበትም። ተቀጥሮ፣ ለብሶ፣ መጥቶ አስጠኚው የቀረበት ልጅ ግን ለምን እንደቀረበት ምክንያት ይፈልጋል። ትልቅ ሰው ቢሆን “ሥራ በዝቶባት ይሆናል” ብሎ ያልፈዋል። የስምንት ዓመት ልጅ የኮሌጅ ፈተና ምን እንደሚመስል አያውቅም። ቶሎ የሚያገኘው ምክንያት ራሱ ነው፤ ሰነፍ ስለሆንኩ ሰለቸኋት ይላል። በመጀመሪያ ደረጃ መምህርነት ብዙ ዓመት ስለሠራሁ ልጆች ይህን ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ትምህርት ላይ ቀድሞም የተሸነፈ ለሚመስለው ልጅ ደግሞ ይህ አዲስ ማስረጃ ይሆንበታል።

ጥናትም ይህንኑ ይደግፋል። ጂን ግሮስማን እና ጂን ሮድስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ልጆች ከበጎ ፈቃደኛ መካሪዎቻቸው ጋር ያላቸውን ግንኙነት በቆይታው ርዝመት ለያይተው ተመለከቱት። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የዘለቀላቸው ልጆች ከሁሉም የበለጠ ተሻሻሉ። በሦስት ወር ውስጥ የተቋረጠባቸው ግን ለራሳቸው የሚሰጡት ግምትም ሆነ በትምህርት ችሎታቸው ላይ ያላቸው እምነት ቀነሰ። በጥናቱ የተካተቱት ልጆች በአብዛኛው ከእናንተዎቹ በዕድሜ ከፍ ያሉ ነበሩ፤ ትንንሾቹ መቋረጡን የበለጠ ይችሉታል ብዬ ግን አላምንም። እንግዲህ ጀምሮ መተው ከነጭራሹ ካለመጀመር ሊከፋ ይችላል ማለት ነው። ቃል የእምነት ዕዳ ነው የሚባለው ለትልቅ ሰው ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመሽ ጓደኞችሽን ቁጠሪ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሳያቋርጥ የሚመጣ ማን ነው? ይህን በስብሰባ ላይ እጅ በማስወጣት አትጠይቂ፤ ሰው በሰው ፊት እጁን ለማውጣት ይቸኩላል። እያንዳንዱን ለየብቻ አነጋግሪ። የትምህርትና የፈተና ሰሌዳውን ይዞ ይምጣ፤ የማይመጣባቸውን ሳምንታት ከአሁኑ ያስምርባቸው። በፈተና ሰሞን መቅረታችሁ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ልጆቹ ሳያውቁት መቅረታችሁ ነው። “የሚቀጥሉትን ሁለት ሳምንታት አንመጣም፤ በዚህ ቀን እንመለሳለን” ብላችሁ ቀኑን ደብተራቸው ላይ ከጻፋችሁና በዚያው ቀን ከተገኛችሁ ልጆቹ ምንም አይሆኑም። እንዲያውም ሄዶ የሚመለስ ሰው መኖሩን ያያሉ።

አሥር የሚጸኑ ሰዎች ካገኘሽ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ልጆች መድቢ። ከሁለት በላይ አይሁን። ሦስትና አራት ሲሆኑ ቶሎ የሚመልሰው ልጅ ሰዓቱን ይወስድና ዝምተኛው እዚህም እንደ ክፍሉ ተደብቆ ይውላል። ሃያ ልጆች ማለት ነው። አንድ ልጅ የተመደበለት ሰው ዓመቱን ሙሉ ያው ሰው ይሁን፤ ዛሬ ከአንዷ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ከሌላው ጋር እየተቀመጠ አይንከራተት።

የቀሩት አርባ ልጆችስ? በዚህ ምክር ውስጥ ከሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው፤ ቀላል አስመስዬ ልነግርሽም አልፈልግም። ሃያዎቹን እናንተ ብቻችሁን አትምረጡ፤ ከርዕሰ መምህሩና ከክፍል መምህራኑ ጋር ተቀመጡ። እኔ ብሆን ቅድሚያ የምሰጠው ከሁለተኛ እስከ አራተኛ ክፍል ሆነው ገና ማንበብ ላልቻሉት ነው። ማንበብ ያልቻለ ልጅ በሳይንሱም፣ በሒሳቡም፣ በሌላውም ትምህርት አብሮ ይወድቃልና። ለቀሩት ልጆች ደግሞ “ለጊዜው” የምትል ቃል ሳትጨምሩ ቁርጡን ንገሯቸው። ያጠፉት ነገር አለመኖሩን፣ እናንተ ጥቂት በመሆናችሁ ለሁሉም መድረስ እንዳልቻላችሁ በግልጽ ንገሯቸው። ወላጆቻቸውም ይስሙት። በየሳምንቱ መምጣት ያልቻሉትን ጓደኞችሽን አታባርሪ፤ የልጅ ቀጠሮ የሌለበት ሥራ ስጫቸው። ፊደልና ቁጥር የተጻፈባቸው ካርዶች ያዘጋጁ፣ አጫጭር ምንባቦችን በትልልቁ ጽፈው ያባዙ፣ የትምህርት ቤቱን መጻሕፍት በንባብ ደረጃ ይለዩ። ይህ ሥራ አንድ ሳምንት ቢቀር የሚያዝን ልጅ የለም።

አሁን ወደ ቀኑ ልምጣ። በሳምንት አንድ ጊዜ አይበቃም። ቅዳሜ የተማሩትን በሚቀጥለው ቅዳሜ ግማሹን ረስተውት ይመጣሉና ሰዓታችሁ ያለፈውን በመከለስ ያልቃል። አንድን ልጅ ለብቻው ማስጠናት ትልቅ ኃይል እንዳለው ከታወቀ ቆይቷል። ቤንጃሚን ብሉም የተባለው የትምህርት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1984 ባቀረበው ጽሑፍ፣ ለብቻቸው የተጠኑ ልጆች አማካይ ውጤት በመደበኛ ክፍል ከሚማሩት ከ100ው የ98ቱን እንደሚበልጥ ገልጾ ነበር። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ሰፋፊ ጥናቶች ይህን ያህል ለውጥ አላገኙም። እ.ኤ.አ. በ2020 96 ሙከራዎችን ያሰባሰበ አንድ ጥናት ውጤቱ ብሉም ካለው በእጅጉ ያነሰ፣ ለትምህርት ሥራ ግን አሁንም ከፍተኛ የሚባል ሆኖ አግኝቶታል። በዚሁ ጥናት ውስጥ እናንተን በቀጥታ የሚመለከት ነገር አለ። መምህራንና በሙያው የሠለጠኑ ረዳቶች ሲያስጠኑ ውጤቱ በጎ ፈቃደኞች ከሚያስጠኑት ይበልጣል፤ በትምህርት ሰዓት የሚሰጠው ከትምህርት ሰዓት ውጭ ከሚሰጠው ይበልጣል። ይህን የምነግርሽ ተስፋ እንድትቆርጪ አይደለም። ሥልጠና የሌላችሁ በጎ ፈቃደኞች ስለሆናችሁ የጎደላችሁን በድግግሞሽና በዝግጅት መሙላት አለባችሁ ለማለት ነው። ዘርፉን የሚያጠኑ ሰዎች የሚመክሩት በሳምንት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ነው።

ለኮሌጅ ተማሪ ሦስት ቀን ብዙ ነው፤ አውቃለሁ። ቅዳሜን እንዳለ ያዙና ከሳምንቱ መካከል ሁለት ቀን አርባ አርባ ደቂቃ ጨምሩ። ይህም ካልተቻለ ሁለት ቀን ይሁን፤ ከሁለት ግን አትውረዱ። ርዕሰ መምህሩ ከፈቀዱ በትምህርት ሰዓት ውስጥ፣ ልጁ ዋና ትምህርት በማያመልጠው ክፍለ ጊዜ አድርጉት። የኮሌጅ ተማሪን በሳምንት ከአንድ ቀን በላይ ማምጣት እንደሚቻል የሚያሳይ ረጅም ልምድ አለ። እስራኤል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተጀመረው ፔራኽ የተባለው ፕሮግራም የዩኒቨርሲቲ ተማሪን ከአንድ ልጅ ጋር አጣምሮ ዓመቱን ሙሉ በሳምንት ሁለት ጊዜ ያገናኛል፤ በምላሹ ተማሪው ለትምህርቱ ከሚከፍለው ገንዘብ ከፊሉ ይሸፈንለታል። ኮሌጃችሁ ገንዘብ ባይሰጥ እንኳን ሥራውን እንደ ተግባር ልምምድ ቆጥሮ በትምህርት ማስረጃችሁ ላይ ሊያሰፍርላችሁ ይችል ይሆናል። ሄዳችሁ ጠይቁ። እንደ ውለታ ጠያቂ ሳይሆን እንደ ሥራ ባልደረባ ቀርባችሁ ጠይቁ።

የቤት ሥራውን ነገር ደግሞ ተዉት ያልኩሽ በደንብ አስቤበት ነው። የአራተኛ ክፍል የቤት ሥራ የሚሰጠው ልጁ የአራተኛ ክፍል ችሎታ አለው ተብሎ ታስቦ ነው። ልጁ ያለው ሁለተኛ ክፍል ላይ ከሆነ አጠገቡ ተቀምጣችሁ መልሱን እየጠቆማችሁት ይጨርሳል፤ ደብተሩ ላይ ትክክል የሚል ምልክት ይበዛል፤ ልጁ ግን ባለበት ነው። ይባስ ብሎ መምህሩ ልጁ የገባው ይመስላቸዋል።

ሕንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1995 ሙምባይ ላይ የተመሠረተው ፕራታም የተባለ ድርጅት የያዘው መንገድ እጅግ ቀላል ነው፤ ቀላል በመሆኑም ለእናንተ ይሆናል። ልጁ ስንተኛ ክፍል ነው ብሎ አይጀምርም፤ ምን ማንበብ ይችላል ብሎ ነው የሚጀምረው። አንድ ወረቀት ላይ ፊደላት፣ ቀላል ቃላት፣ አጭር አንቀጽና ትንሽ ረዘም ያለ ታሪክ ይጻፋል። ልጁ ለብቻው ተጠርቶ ያነባል፤ ያነበበው ከፍተኛው ደረጃ ደረጃው ነው። ከዚያም ልጆች በክፍልና በዕድሜ መመደባቸው ቀርቶ ባሉበት ደረጃ ይመደባሉ። ከዚህ ቀደም ብሎም ይኸው ድርጅት በሙምባይና በቫዶዳራ ከተሞች፣ ሁለተኛ ደረጃን የጨረሱ የአካባቢው ወጣት ሴቶች ወደ ኋላ የቀሩ የሦስተኛና የአራተኛ ክፍል ልጆችን እንዲያስጠኑ አድርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው የዚያ ሥራ ጥናት የልጆቹ የፈተና ውጤት መሻሻሉን አሳይቷል። አስጠኚዎቹ የመምህርነት ዲግሪ አልነበራቸውም፤ መሠረታዊውን ነገር ደጋግመው አስተማሩ እንጂ። ለእናንተም ይህ ይቻላችኋል።

በሒሳብም ይኸው ነው። አንድ ልጅ 52 ሲቀነስ 27ን 35 ብሎ ቢጽፍ “ተሳስተሃል፣ እንደገና ሥራው” አትበይው። እንዴት 35 እንዳገኘ ጠይቂው። ከ5 ላይ 2 ቀንሶ 3 አገኘ፤ ከ2 ላይ 7 መቀነስ ስላልሆነለት ገለበጠውና ከ7 ላይ 2 ቀንሶ 5 ጻፈ። ይህ ግድየለሽነት አይደለም፤ ልጁ የራሱ ሕግ አለው፤ ሕጉም “ሁልጊዜ ትልቁ ላይ ትንሹን ቀንስ” የሚል ነው። 68 ሲቀነስ 25ን ብትሰጪው 43 ብሎ በትክክል ይሠራዋል። 41 ሲቀነስ 18ን ብትሰጪው ደግሞ 37 ይልሻል። አንዱን አግኝቶ ሌላውን ስለሚስት ትኩረት የለውም ይባላል። የጎደለው ግን ትኩረት አይደለም፤ 52 አምስት አሥሮችና ሁለት ነጠላዎች መሆኑን አለማየቱ ነው። ቀጫጭን እንጨቶችን በአሥር በአሥር እሰሩለት። አምስት እስርና ሁለት ነጠላ ፊቱ አስቀምጪና ሰባት ስጠኝ በይው። ሁለት ብቻ ነጠላ ይዞ ሲቸግረው አንዱን እስር ራሱ እንዲፈታ ጠብቂ። “ብድር” ብለን የምናልፈው ነገር በእጁ ሲገባው ወረቀቱ ላይ ለመድገም አይቸግረውም። እንዲህ ያለውን ስሕተት ፈልጎ ለማግኘት ስልሳ ልጆች የሚጠብቁት መምህር ጊዜ የለውም። ሁለት ልጆች የያዘች አስጠኚ ግን አላት። እናንተ ለዚያ ትምህርት ቤት ልታመጡ ከምትችሉት ሁሉ ትልቁ ይህ ይመስለኛል።

አንድ ተጨማሪ ነገር። ጠይቃችሁ ዝም በሉ። ሜሪ በድ ሮው የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ሥራ፣ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነ አሳይተዋል። ጥበቃው ወደ ሦስት ሰከንድ ሲረዝም የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ ሳይጠየቁም ደፍረው የሚናገሩት በዙ። ሦስት ሰከንድ በልባችሁ ቁጠሩ፤ ጀማሪ አስጠኚ ዝምታ ስለሚያስጨንቀው መልሱን ራሱ ይናገራልና።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ከደብዳቤሽ ሁሉ ልቤን የነካኝ እሷ ናት።

በመጀመሪያ ያደረገችውን እንደ ማታለል አትዪው። ሌሎች ሲያነቡ እያደመጠች ገጽ ሙሉ ምንባብ በቃሏ የያዘች ልጅ ሰነፍ አይደለችም፤ ጆሮዋም የማስታወስ ችሎታዋም ብርቱ ነው። ይህን ንገሪያት። ቃል በቃል “ይህን ሁሉ በቃልሽ መያዝሽ ከባድ ሥራ ነው፤ አሁን ደግሞ ፊደሎቹን አብረን እንይዛቸዋለን” በያት። ጎበዝ ናት ብለሽ ብቻ አትለፊ። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት በብልህነታቸው የተመሰገኑ የአምስተኛ ክፍል ልጆች ከባድ ነገር ሲገጥማቸው በጥረታቸው ከተመሰገኑት ቀድመው ተስፋ ይቆርጡ ነበር። የሠራችውን ነገር ለይተሽ አመስግኚ፤ “ይህችን ቃል ሦስት ጊዜ ሞክረሽ አገኘሻት” የሚለው ይበልጥ ይጠቅማታል።

ለማንም አልናገርም ብለሽ ቃል ገብተሽላት ከሆነ ተመልሰሽ አስተካክዪው። መምህሯ ማወቅ አለባቸው፤ አለዚያ በየቀኑ በክፍሉ ፊት እንድታነብ ሲያስነሷት አንቺ በሳምንት የገነባሽው በአንድ ጠዋት ይፈርሳል። ከጀርባዋ ግን አትሂጂ። “መምህርሽ ካላወቁ ሊረዱሽ አይችሉም። እንዴት ብነግራቸው ትወጃለሽ? አብረሽኝ ትመጫለሽ ወይስ ብቻዬን ልንገራቸው?” ብለሽ ምርጫ ስጫት። አለመነገሩ ምርጫ ውስጥ የለም፤ አነጋገሩ ግን የእሷ ይሁን። መምህሯን ስታገኚም አንድ ነገር ብቻ ለምኚ፤ ለተወሰኑ ወራት በክፍል ፊት ድምፅ አውጥታ እንድታነብ አይጠይቋት፤ ከፈለጉ ከአንቺ ጋር የተዘጋጀችበትን አንድ አንቀጽ ይስጧት።

ዓይኗና ጆሮዋ መታየታቸውንም ጠይቂ። መጽሐፉን ወደ ፊቷ በጣም ታስጠጋለች? ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ከጎረቤቷ ደብተር ነው የምትገለብጠው? ከኋላዋ ስትጠሪያት ትሰማለች? ማንበብ አቃተው የተባለ ልጅ ሰሌዳው የማይታየው ሆኖ ሲገኝ አይቻለሁ። ጥርጣሬ ካለሽ ለመምህሯና ለወላጆቿ ንገሪ እንጂ አንቺ ራስሽ ይህ በሽታ አለባት አትበይ።

ከዚያ ወደ ማስተማሩ። ፊደላቱን አንድ በአንድ ከቅደም ተከተላቸው ውጭ አሳያትና የምታውቃቸውንና የማታውቃቸውን ለዪ። በተራ ከሆነ እነሱንም በቃሏ ትላቸዋለች። የምትለያቸው ከጠበቅሽው በላይ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያልያዘቻቸው ላይ ብቻ በተገናኛችሁ ቁጥር ጥቂት ጥቂት ሥሩ። ለምንባብ መጽሐፍ አትጠቀሚ፤ የራሷን ወሬ ተጠቀሚ። ትናንት ምን እንዳደረገች ጠይቂያትና በራሷ አነጋገር አራት አጫጭር ዓረፍተ ነገር አድርገሽ ጻፊላት። ይህንንም ወዲያው በቃሏ ትይዘዋለች፤ ችግር የለውም። ወረቀቱን በየዓረፍተ ነገሩ ቁረጪና አደባልቂው፤ በቅደም ተከተሉ ትመልሰው። ለዚህ ማየት አለባት፤ መስማት ብቻ አይበቃትም። በሚቀጥለው ጊዜ በየቃሉ ቁረጪው። ከእነዚያው ቃላት ያልተናገረችውን አዲስ ዓረፍተ ነገር ሥሪና አንብቢው በያት። ያን ጊዜ ያነበበችው በቃሏ የያዘችው አይደለም፤ እሷም ታውቀዋለች። ምንም ብትቸኩዪ ግን አዲስና ረጅም ምንባብ ለማቅረብ አትጣደፊ። ወራት ይፈጃል።

ስለ መምህራኑ አጭር ነገር ልበል። የኮሌጅ ተማሪዎች ወደ ትምህርት ቤት ሲገቡ መምህራኑ ሊፈርድባቸው የመጣ ሰው እንዳለ ሊሰማቸው ይችላል። ያን ሁሉ ልጅ ይዘው በየቀኑ የሚቆሙት እነሱ ናቸው፤ እናንተ ሁለት ልጆች ይዛችሁ ያያችሁትን ለምን አላዩም አትበሉ። በየልጁ አንድ ቀጭን ደብተር ይኑራችሁና ከእያንዳንዱ ጥናት በኋላ ምን እንደተሠራ፣ ምን እንዳስቸገረና ቀጥሎ ምን እንደሚሠራ ሦስት መስመር ጻፉ። መምህሩ በፈለጉ ጊዜ ያዩታል።

የልጆቹን ደኅንነት በተመለከተ ድርድር የለም። ጥናቱ በር በተከፈተበት ክፍል፣ ሌላ ትልቅ ሰው በሚያያችሁ ቦታ ይሁን። ልጅን ብቻችሁን ሆናችሁ ወደ ቤቱ አትሸኙ፣ ወደ መኖሪያችሁም አትውሰዱ። አንድ ልጅ የሚጎዳው ሰው እንዳለ ቢነግራችሁ ምስጢር እንጠብቃለን አትበሉ፤ አድምጡትና በዚያው ቀን ትምህርት ቤቱ ለዚህ ለመደበው ሰው አሳውቁ። ፎቶግራፍ አንስታችሁ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አትለጥፉ። ማንበብ ያቃታት ልጅ ፊቷ ከጎናችሁ ሆኖ በሺዎች እንዲታይ ማን ፈቀደ? ከዓመታት በኋላ አድጋ የምታገኘው እሷ ናት። ኮሌጁ ለሪፖርት ማስረጃ ከጠየቀ የልጅ ስም የሌለበትን የመገኘት መዝገብ ስጡት።

ደብተሩን ለእሷ ብቻ አትግዢላት። አንዷ ደብተር ስትቀበል ሌሎቹ ያያሉ፤ እሷም ከዚያ በኋላ ወደ አንቺ የምትመጣው ለማንበብ ይሁን ለመቀበል ለራሷም ይምታታባታል። ሃያውም ልጆች ደብተርና እርሳስ ያስፈልጋቸዋልና ገንዘቡን በጋራ አዋጡ፣ ለትምህርት ቤቱ አስረክቡ፣ ትምህርት ቤቱ ለሁሉም ያድል። በግል መስጠት የምትችዪው ከላይ ያልኩሽን አብራችሁ የምትጽፉትን ወረቀት ነው፤ ሰፍተሽ እንደ ትንሽ መጽሐፍ አድርጊላት።

በመጨረሻ ስለ መሄድሽ። የመጨረሻው ቀን ላይ አትንገሪያቸው። ሁለት ወር ያህል ሲቀር ንገሪያቸው፤ መመረቅ ምን እንደሆነ፣ ቀኑ መቼ እንደሆነ፣ የምትሄጂው እነሱ ስላጠፉ እንዳልሆነ በግልጽ ንገሪያቸው። ያለቅሳሉ ብለሽ አትሽሺ፤ ያልተነገረው ልጅ ይበልጥ ያለቅሳል። የሚተካሽን ሰው ግን ከዚያ በጣም ቀድመሽ ፈልጊ። አዳዲስ በጎ ፈቃደኞችን በዋናነት ከአንደኛና ከሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች መልምሉ፤ ሁላችሁም በአንድ ዓመት ተመርቃችሁ ከሄዳችሁ ሥራው አብሯችሁ ያልቃል። የምትተካሽ ተማሪ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ከጎንሽ ትቀመጥ፤ መጀመሪያ ትመልከት፣ ቀጥሎ ግማሹን ታስጠና፣ በመጨረሻ እሷ ታስጠናና አንቺ ተመልከቺ። የልጅቷን ደብተርም ልጅቷ ባለችበት አስረክቢያት፤ ምን እንደተጻፈበት አብራችሁ አንብቡት፤ ምን ማንበብ እንደቻለች ለአዲሷ አስጠኚ ራሷ ትናገር።

ደግሞ “እየመጣሁ አያችኋለሁ” አትበያቸው። የምትመጪ ከሆነ ቀን ቆርጠሽ ለርዕሰ መምህሩ ንገሪና ሂጂ። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ከአሁኑ አሥሩን ጓደኞችሽን አንድ በአንድ አነጋግረሽ ጨርሺ፤ ከርዕሰ መምህሩ ጋር የምትቀመጡበትን ቀንም በዚሁ ሳምንት ያዢ።